ስለ መጀመሪያው የብረት ድልድይ
(በተማሪ ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ ተማሪ የተነገረ)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ድልድይ መናገሬ አንዳንዶቻችሁን ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን ከመካከላችን ክረምት በገባ ቁጥር ወንዝ እየሞላበት ከትምህርቱ የቀረ አለ፤ እርሱ የድልድይን ዋጋ እኔ ሳልነግረው ያውቃል። ስለዚህ በዓለም ላይ ከብረት ስለ ተሠራው የመጀመሪያው ታላቅ ድልድይ ጥቂት ልንገራችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝ አገር፥ በሽሮፕሺር አውራጃ፥ ሴቨርን የተባለው ወንዝ በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ያልፋል። በዚያው አካባቢ በ1709 አብርሃም ዳርቢ የሚባል ሰው ከድንጋይ ከሰል በሚዘጋጅ ኮክ ብረት ማቅለጥ ስለ ጀመረ፥ ሸለቆው የብረት ሠራተኞች አገር ሆነ። ሆኖም ሰውም ሆነ ዕቃ በዚያ ሥፍራ ወንዙን የሚሻገረው በጀልባ ነበር። በወንዙ ላይ የጭነት ጀልባዎች ዘወትር ስለሚመላለሱም፥ መካከሉ ላይ ምሰሶ ቢቆም መንገዳቸውን ይዘጋል። ስለዚህ ቶማስ ፕሪቻርድ የተባለ የሕንፃ ነዳፊ በ1775 ወንዙን በአንድ ቅስት ብቻ የሚዘል የብረት ድልድይ ነደፈ። እርሱ ግን ሥራው እንደ ተጀመረ በ1777 ሞተ። የፈጸመው የዚያ የብረት አቅላጭ የልጅ ልጅ፥ ሦስተኛው አብርሃም ዳርቢ ነው። በ1779 ቅስቱ ሲቆም ይህ ሰው ገና የ29 ዓመት ወጣት ነበር።

ቅስቱ 30 ሜትር ያህል ይሻገራል፤ የፈሰሰበትም ብረት 378 ቶን ያህል ነው። እጅግ የሚደንቀው ግን አገጣጠሙ ነው። በብረት ድልድይ የመሥራት ልማድ ስላልነበረ፥ ሠራተኞቹ የሚያውቁትን የአናጢ ጥበብ ተጠቀሙ። አናጢ አንዱን እንጨት በሌላው ቀዳዳ ሰክቶ በሽብልቅ እንደሚያጠብቅ፥ እነርሱም ብረቱን እንዲሁ አደረጉት። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ሲጫኑት ይችላል፥ ሲስቡት ግን ይሰበራል፤ ቅስት ደግሞ ሸክሙን ወደ ሁለቱ ዳር እየገፋ ስለሚያሳልፍ ለዚህ ብረት ተስማሚ ሆነ።

ድልድዩ በ1781 ለመንገደኛ ተከፈተ። ተሻጋሪ ሁሉ ቀረጥ ይከፍል ነበር፤ የቀረጡ ሠሌዳ ወታደርንም የንጉሥ ቤተ ሰብንም ከመክፈል ነፃ አላደረገም። በ1795 ታላቅ ጎርፍ በወንዙ ላይ ያሉትን አያሌ ድልድዮች ሲጎዳ፥ ይህኛው ጸንቶ ቆመ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ እስካሁን የተናገርሁት የክብሩን ወገን ነው። ሌላም ወገን አለው። ወጪው ከግምቱ እጅግ በልጦ፥ ትርፉን ሸክም ዳርቢ ራሱ ተሸከመ፤ በ1789 ሲሞትም ከዕዳው አልተላቀቀም ነበር። ሕዝብ ተሻገረ፥ ባለ ሥራው ግን ከፈለ።

ብረቱ ቢጸናም የሸለቆው ዳርና ዳር እየተንሸራተተ ድልድዩን ስለ ጨመቀው፥ ተከታዩ ትውልድ ሁሉ ሲጠግነው ኖረ። በ1934 ለተሽከርካሪ ተዘጋ፤ በ1970ዎቹ ሁለቱ ዳሮች እንዳይቀራረቡ ከወንዙ ወለል በታች የኮንክሪት ድጋፍ ተደረገለት፤ በ1986 አካባቢው በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ2018ም ታላቅ እድሳት ተፈጸመለት። ዛሬም እግረኛ ይሻገርበታል።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ነዳፊው ሞተ፥ ገንቢው በዕዳ አለፈ፥ ድልድዩን እስከ ዛሬ ያቆሙት ግን ስማቸው ያልተጻፈ ጠጋኞች ናቸው። ተማሪ ቤታችንም እንዲሁ ነው። መሥራቾቹ ቅስቱን አቁመውልናል፤ እኛም ተሻግረን ዘወር ሳንል ብንሄድ ባለዕዳዎች ነን። ከእኛ በኋላ የሚመጣው ተማሪ እንዲሻገር፥ የላላውን ሽብልቅ የማጥበቅ ተራው የእኛ ነው።