የሕዝብ ትምህርት ቤት እንደ ንግድ ቤት ሊመራ ይገባልን?



በዚህ በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከልብ እናመሰግናለን። የመረጥነው ነገር አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም የሕዝብ ትምህርት ቤት እንደ ንግድ ቤት ቢመራ ይሻላልን? የሚል ነው።

ይሻላል የሚሉት ሰዎች ምክንያት የላቸውም አንልም። የሕዝብ ገንዘብ በከንቱ እንዳይባክን መቈጣጠርና ሒሳብን በትክክል መያዝ ከነጋዴ የምንማረው መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ነጋዴ ትርፉን ማታ ቈጥሮ ያውቀዋል፤ የመምህር ትርፍ ልጁ አድጎ ሰው ሲሆን የሚታይ ስለ ሆነ በቶሎ አይቈጠርም። በግድ ይቈጠር ሲባል የሚሆነውን ታሪክ ያስተምረናል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1862 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት፣ ሮበርት ሎው በተባሉት ባለሥልጣን አሳብ፣ ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን ርዳታ ከፈተና ውጤት ጋር አያያዘው። ዘወትር ለሚማር ልጅ 8 ሺልንግ ተመደበ፤ ልጁ በንባብ፣ በጽሕፈት ወይም በሒሳብ ሲወድቅ ግን ለእያንዳንዱ 2 ሺልንግ ከ8 ፔንስ ይቀነስ ነበር። ከዚህ የተነሣ ብዙ መምህራን ተቈጣጣሪው የሚፈትንበትን መጽሐፍ ልጆቹን በቃል ማስጠናት ያዙ። ባለቅኔውና የትምህርት ቤቶች ተቈጣጣሪው ማቲው አርኖልድ፣ ልጆች በእውነት ማንበብ ሳይችሉ ፈተናውን ሊያልፉ እንደሚችሉ ለመንግሥት ባቀረቡት ሪፖርት አስጠነቀቁ። ደንቡም በ1890ዎቹ ዓመታት ቀረ።

አሳቡ ግን አልቀረም። በአሜሪካ በአትላንታ ከተማ ትምህርት ቤቶች የተወሰነላቸውን የፈተና ቍጥር እንዲያደርሱ ይገደዱ ነበር፤ ላደረሰ ሽልማት፣ ላላደረሰ ስንብት ይጠብቀው ነበር። በዚያው አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የጆርጂያ ግዛት የምርመራ ሪፖርት፣ በ44 ትምህርት ቤቶች 178 መምህራንና ኀላፊዎች በማጭበርበር እንደ ተሳተፉ ገለጸ። የልጆቹን የተሳሳተ መልስ እየፋቁ ያረሙ ነበሩባቸው። በዚህ የተጐዳው ማን ነው? ማንበብ ሳይችል «አልፈሃል» የተባለው ልጅ ነው፤ አልፏል ስለ ተባለ የሚረዳው አላገኘምና።

ይህ የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይምሰላችሁ። ዘንድሮ ትምህርታችንን ከምንፈጽመው መካከል ቀድሞ የክፍሉ መጨረሻ የነበርን አለን። መምህራኖቻችን ከደወል በኋላ አብረውን ቈይተው፣ ያልገባንን ደግመው ደጋግመው አስረዱን። ያ ሰዓት በንግድ መዝገብ ቢጻፍ ኪሳራ ነው፤ እኛ ግን ዛሬ እዚህ የቆምነው በዚያ ሰዓት ነው።

ስለዚህ የምንለምነው ይህን ነው። የትምህርት ቤት ገንዘብ በነጋዴ ጥንቃቄ ይያዝ፤ ልጅ ግን በትርፍና በኪሳራ መዝገብ አይግባ። ፈተናም ይኑር፤ የልጁን ድካም ለመምህሩ ማሳያ እንጂ የመምህሩ ደመወዝ መስፈሪያ አይሁን። ከመካከላችን ነገ መምህር የምንሆንም ኋላ የቀረውን ልጅ እንደ ኪሳራ እንዳንቈጥረው አደራ አለብን።