ርካሹ የውሃ ማፍያ ለእድራችን ይበጃል ወይ?

(በእድሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለአባላት የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባችን አንድ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ይኸውም በየለቅሶው ቤት የከሰሉና የማገዶው ጭስ እናቶችን ስላስቸገረ፣ እድራችን በገበያ እጅግ በርካሽ ከሚሸጡት የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያዎች ስድስት ያህል ገዝቶ ከድንኳኑና ከብርጭቆው ጋር ያስቀምጥ የሚል ነው። ሐሳቡ የቅንነት ነው። ነገር ግን የእድር ገንዘብ የሁላችን ስለሆነ፣ ከዚያም በላይ ሐዘንተኛ ለማጽናናት የገባ ዕቃ ሰው እንዳይጎዳ፣ በመጀመሪያ አንድ ብቻ ተገዝቶ ይፈተን ተባለ። ፈተናውም የመብራት ሥራ በሚያውቁ አባላችን እጅ፣ ኮሚቴው ባለበት ተደረገ። ያየነውን እነሆ።

ከሥሩ የተለጠፈው ጽሑፍ 220 ቮልትና 1500 ዋት ይላል። ይህ ማለት ባለ 100 ዋት አምፖል 15 በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ነው፤ በሽቦው ውስጥ ወደ 7 አምፔር ያልፋል። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ግን ብዙውን ጊዜ የ120 ቮልት ነው። እሱን በእኛ መብራት ላይ የሰካ ሰው ከአቅሙ ከሦስት እጥፍ በላይ ይጭንበታልና ያቃጥለዋል። ስለዚህ ጽሑፉን ሳያነቡ መሰካት አይገባም።

ማፍላቱን አናማውም። 1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በ4 ደቂቃ ገደማ አፈላ። በመጀመሪያ ውሃው ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይል ነበር፤ ሦስት ጊዜ አፍልተን ከደፋን በኋላ ሽታው ለቀቀ።

ማጥፊያው ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ዕቃ ውሃው ሲፈላ በራሱ የሚጠፋው፣ እንፋሎቱ በውስጡ ያለችውን ቀጭን ብረት ሲያሞቃትና ብረቷ ስትታጠፍ ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እንፋሎቱም በዚያው ልክ ይቀዘቅዛል። እንግዲህ ዝቅ ባለ አገር ቶሎ የሚጠፋው ዕቃ እኛ ዘንድ ሊዘገይ ይችላል። 5 ጊዜ ሞከርነው። አራቱን ጊዜ ወዲያው ጠፋ፤ አንዱን ጊዜ ግን አንድ ደቂቃ ሙሉ ሲንተከተክ ቆየ። ክዳኑን ከፍተን ስንሞክረው ጭራሽ አልጠፋም፤ እንፋሎቱ ሁሉ ወደ ላይ ወጣ።

ከሁሉ ያሳሰበን ሶኬቱ ነው። ባለሦስት ጥርስ ሲሆን፣ ሦስተኛው የመሬት ሽቦ ነው። ኮረንቲው የብረት አካሉን ቢነካ በሰው ላይ ከማለፍ ይልቅ በዚያ በኩል ወደ መሬት እንዲወርድ የተሠራ ነው። ሻጩ የጨመረልን ማስማሚያ ግን ሁለት ጥርስ ብቻ ስላለው ይህን መንገድ ይቆርጠዋል። አንዳንድ አሮጌ ቤቶቻችን ደግሞ መጀመሪያውኑ የመሬት ሽቦ አልተዘረጋላቸውም። ቀጥሎም በማከፋፈያ ሰክተን አምስት ጊዜ በተከታታይ ስናፈላ፣ የማከፋፈያው ገመድ እጅ እስኪያቃጥል ጋለ። በግድግዳው ሶኬት ሲሰካ ለብ ከማለት አላለፈም።

አሁን ድንኳኑን አስቡት። መሬቱ እርጥብ ነው፤ ሽቦው ከቤት ውስጥ በማከፋፈያ ተስቦ የመጣ ነው፤ ሕፃናት በሰው እግር መሐል ይሯሯጣሉ። ሒሳቡም አይመችም። ከ1 ሊትር 8 ብርጭቆ ሻይ ቢወጣ፣ ለ100 ለቀስተኛ 13 ጊዜ ማፍላት፣ ማለትም ከ50 ደቂቃ በላይ መቆም ነው። ስድስቱን ባንድ ቆጣሪ እንሰካ ብንል 9,000 ዋት ይሆናል። ባልቦላው ይወርዳል፤ ሳይወርድ ከቀረ ደግሞ የባሰ ነው፣ ሽቦው ይነዳል። ለቅሶ ልንደርስ ሄደን ሌላ ለቅሶ ማምጣት አይገባንም።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

1ኛ. ዕቃው ለእድሩ አይገዛ፤ ማንም አባል ከቤቱ አምጥቶ በድንኳን ውስጥ አይሰካ።

2ኛ. በቤቱ ሊጠቀም የሚፈልግ፣ የመሬት ሽቦ ባለው የግድግዳ ሶኬት ብቻ፣ ክዳኑን ዘግቶ፣ አጠገቡ ቆሞ ያፍላ። ውሃ ከመሙላቱ በፊት ይንቀለው። ገመዱ ሕፃን በሚደርስበት አይንጠልጠል።

3ኛ. የእናቶች አቤቱታ ግን እውነት ነውና ችላ አይባል። በታሰበው ገንዘብ ክዳን ያለው ትልቅ ድስትና ለምድጃው የቆርቆሮ መከለያ ይገዛ። ምድጃው ከድንኳኑ ውጭ ይሁን፤ እሳቱንም ወጣቶች በተራ ይያዙ። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ አይነድ፤ ሽታ የሌለው ጋዙ ሰው ይገድላል።

ክፉ ቢገጥም፦ ኮረንቲ የያዘውን ሰው በእጅ አትንኩ፤ በቅድሚያ ባልቦላውን አውርዱ። የፈላ ውሃ ለነካው ገላ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አትቀቡ፤ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበትና ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ውሳኔው የእናንተ የአባላት ነው። ደጉን ያሰማን።