ለመስታወት የበጀ ለካሜራ ይበጃል?

ክረምት ሲገባ የፊት መስታወቱን ውሃ በሚያባርር ፈሳሽ የሚያሽ አሽከርካሪ፣ በዚያው ጨርቅ የኋላ ካሜራውንም ማሸት ይቃጣዋል። መስታወቱ ይጠቀማል፤ ካሜራው ግን ላይጠቀም ይችላል።

እንደ ሬይን ኤክስ ያሉት የታወቁ ፈሳሾች መስታወቱ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ የሲሊኮን ሽፋን ይተዋሉ። ውሃ በዚህ ሽፋን ላይ መንጣለል ስለማይችል ተሰብስቦ ክብ ጠብታ ይሆናል። ጠብታውን ጠርጎ የሚወስደው ግን ነፋሱ ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ላይ ጠብታዎቹ ሽቅብ ይሸሻሉ፤ መኪናው በመጨናነቅ ሲያዘግም ግን እዚያው ይቀመጣሉ። ያኔ ሥራው የዝናብ መጥረጊያው ነው።

የኋላ ካሜራ የሚፈለገው መኪናው ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሲሄድ ነው። ጠብታውን የሚገፋ ነፋስ የለም። ሌንሱ ትንሽ ስለሆነ አንዲት ጠብታ ብርሃኑን አጣማ ከኋላ የቆመ ሕፃን ልትሰውር ትችላለች። ለዚህ ቦታ የሚሻለው ውሃውን ከማባረር ይልቅ ስስ አድርጎ የሚዘረጋ ሽፋን ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች በ1997 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው መጽሔት፣ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት ይህን ጠባይ እንደሚይዝ አሳይተዋል፤ ዘዴው ለመኪና ስፖኪዮም ውሏል።

ጭቃ ግን ሁለቱንም ዓይነት ሽፋን ያሸንፋል። ሽፋኑ የሚይዘው ቅባትና አቧራ በለቀቀው ገጽ ላይ ብቻ ነው። አንዳንድ ሌንሶች ፕላስቲክ ወይም ከፋብሪካ የተቀቡ ስለሆኑ፣ «ለመስታወት ብቻ» የሚል ፈሳሽ ካሜራ ሊነካ አይገባም። አድማጮች፣ ዝናብ በጣለ ቀን የኋላ ማርሽ ከማስገባታችሁ በፊት ሌንሱን በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት።