ዶሮዋ እንቁላል ስትነሳን ምን እንጠይቅ?



ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ዶሮ ነው። አትሳቁ። ዶሮ ትንሽ ናት፤ ሥራዋ ግን ትንሽ አይደለም። ጨው ሲያልቅ፣ ላምባ ሲያልቅ፣ ለልጅ ደብተር ሲያስፈልግ በሬ አይሸጥም። ጥቂት እንቁላል ጭድ ውስጥ ተደርድሮ ገበያ ይወጣል፤ የጎደለው ይሞላል። በብዙ ቤት የእንቁላል ገንዘብ የእናት ገንዘብ ነው። ስለዚህ ዶሮ እንቁላል መጣል ስታቆም መጀመሪያ የሚጨነቁት እናቶች ናቸው።

እኔ የማርፍበት ቤት እናትም ታኅሣሥ ላይ እንዲህ ተጨነቁ። አራት ዶሮዎች አሏቸው፤ ጥቁር፣ ቀይ፣ ነጭና ገብስማ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከቅርጫቱ አንድም እንቁላል አልተገኘም። ማታ ማታ የምናነብበት የኩራዝ ላምባ የሚገዛው በዚያ እንቁላል ነበር። ላምባው አለቀ። ንባባችንም ቆመ።

«የኔታ፣ እነዚህ ዶሮዎች መክነዋል። የገና ገበያ ሳያልፍ አራቱንም እሸጣቸዋለሁ» አሉኝ።

እኔ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝና ሁሉን የማውቅ መሰለኝ። ዶሮዎቹን ሳላይ፣ «ርቧቸው ነው፤ ገብስ ይጨምሩላቸው» አልኩ። እናታችንም አመኑኝ። አራት ቀን ሙሉ ጥዋትና ማታ ገብስ ተበተነ። ገብሱ ጎደለ፤ እንቁላሉ ግን አልመጣም። የደግ ሰው እህል አስባከንኩ። በጣም አፈርኩ።

በማግሥቱ ጎረቤት ቀበሌ ወደሚያስተምር ጓደኛዬ ሄድኩ። እሱ የሚማረው እርሻ ነው። ነገሩን ነገርኩት።

«ዶሮዎቹ ስንት ናቸው?» አለኝ።

«አራት።»

«እንግዲያው ያለህ አንድ ጥያቄ አይደለም፤ አራት ጥያቄ ነው። እያንዳንዷን ለየብቻ አይተሃታል?»

አላየሁም ነበር። አብሮኝ መጣና ከእናታችን ጋር ሆነን አንድ በአንድ አየናቸው። ያየነውን እነግራችኋለሁ።

አንደኛዋ ጥቁሯ ናት። ጓደኛዬ፣ «መጀመሪያ የሚጠየቀው ዶሮዋ በእርግጥ አቁማለች ወይ የሚለው ነው» አለ። ያዛትና አሳየን። የምትጥል ዶሮ አናቷ ላይ ያለው ሥጋ ቀይና ሞቅ ያለ ነው። ያቆመች ዶሮ ግን ሥጋው ይገረጣል፤ ይደርቃል። ደግሞም ከእንቁላል መውጫዋ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች አሉ። በሁለቱ አጥንቶች መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት ከገባ ዶሮዋ እየጣለች ነው። አንድ ጣት በጭንቅ ከገባ አቁማለች። በጥቁሯ ላይ ሦስት ጣት ገባ።

«እንዴ! ታዲያ እንቁላሏ የት ገባ?» አሉ እናታችን።

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ትንሿ ልጃቸው ዶሮዋን ቀስ ብላ ተከተለቻት። ዶሮዋ በአጥሩ ሥር ሾልካ ከጭድ ክምሩ ጀርባ ገባች። ቆይታ እያስካካች ወጣች። ልጅቷ እጇን ብትሰድ ዘጠኝ እንቁላል! ዘጠኙንም ውኃ ውስጥ አስገባናቸው። ስምንቱ ከሥር ተኙ፤ አንዱ ተንሳፈፈ። የተንሳፈፈ እንቁላል የቆየ ነውና ጣልነው። ጥቁሯ የሸሸችው የቤቱ ቅርጫት ስለ ቆሸሸ ነበር። ጭዱን ለወጥነው፤ ቅርጫቱን ጨለም ያለ ጥግ አስቀመጥነው፤ አንድ እንቁላልም ተውንበት። ዶሮ እንቁላል ካየችበት ቦታ መጣል ትወዳለችና። ጥቂት ቀን ደግሞ እስከ ረፋድ ከቤት አላስወጣናትም። ከዚያ ወዲህ ቅርጫቱን ለመደች።

ሁለተኛዋ ቀይዋ ናት። እሷ ከባዶ ጎጆ ላይ አልነሣም ብላለች። ሲቀርቧት ላባዋን ትነፋለች፤ ትቆጣለች። ይህን እናታችን ከእኛ በፊት ያውቁታል፤ መታቀፍ ፈልጋለች። ያገራችን ዶሮ ከ12 እስከ 15 ያህል እንቁላል ትጥልና መታቀፍ ያምራታል። በ21 ቀን ትፈለፍላለች። ከዚያ ጫጩቶቿን ስታሳድግ ሁለት ወር ያህል ወይም ከዚያም በላይ አትጥልም። እንግዲህ መምረጥ የኛ ነው። ጫጩት ከፈለግን እናስታቅፋት። እንቁላል ከፈለግን ደግሞ ጭድ በሌለበት፣ ከሥር አየር በሚገባበት የእንጨት ርብራብ ላይ ሦስት አራት ቀን እናቆያት፤ ውኃና ጥሬ ግን አይጓደልባት። አንዳንድ ሰው ዶሮዋን ቁልቁል ይሰቅላታል፤ ወይም አፍንጫዋ ውስጥ ላባ ይሰካል። ይህ ሥቃይ ነው፤ አያስፈልግም። እናታችን ጫጩት መረጡ። ከጎረቤት አሥር ትኩስ እንቁላል ተበድረው አስታቀፏት።

ሦስተኛዋ ነጯ ናት። አንገቷ ተመልጧል፤ ላባዋ በየደጁ ወድቋል። እናታችን፣ «ይቺስ ታማለች» ብለው ነበር። አልታመመችም። ዶሮ አንድ ዓመት ካለፋት በኋላ አሮጌ ላባዋን አርግፋ አዲስ ታበቅላለች። ላባ የሚሠራውም እንቁላል የሚሠራውም ገንቢ ምግብ አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱን ባንድ ጊዜ መሥራት ይከብዳታል። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ወር እንቁላሉን ትተዋለች። ለእሷ ገብስ ብቻ አይበቃትም። ትል፣ ምስጥ፣ ጎመን፣ የኑግ ፋጉሎ ያስፈልጋታል። ምስጥ ካለበት ኩይሳ ቆፍሮ ማምጣት ምንም ገንዘብ አያስወጣም። ከዚያ ወዲያ መታገሥ ነው።

አራተኛዋ ገብስማዋ ናት። ከስታለች፤ አናቷም ገርጥቷል። ማታ ቆጥ ላይ እንቅልፍ የላትም፤ ስትቆናጠር ታድራለች። በክንፏ ሥር ላባዋን ገልጠን ብናይ ቅማል ሞልቷል። በቆጡ አጠገብ ያለውን የግድግዳ ስንጥቅ በእንጨት ብንጭር መዥገር ወጣ። የዶሮ መዥገር ቀን ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃል፤ ሌሊት ወጥቶ ደም ይመጣል። ደሟ የተመጠጠ ዶሮ በምኗ እንቁላል ትሥራ? እኔ ገብስ የበተንኩት ለመዥገር ነበር ማለት ነው። ቆጡን አውርደን የፈላ ውኃ አፈሰስንበት። ስንጥቁን በጭቃና በእበት ለሰንነው። ደረቅ አመድና ድቡሽት አፈር ቀላቅለን ጉድጓድ ውስጥ አደረግንላቸው። ዶሮዎቹም እየተንከባለሉ ይታጠቡበት ጀመር። ቅማል እንደዚህ ይቀንሳል።

አያችሁ ወገኖቼ? አራት ዶሮ፣ አራት ምክንያት። አራቱም ቢሸጡ ኖሮ የምትጥለው ከማትጥለው ጋር፣ ጤነኛዋ ከተጎዳችው ጋር ትሄድ ነበር።

ሌላም የሚጠየቅ አለ። ውኃ ጠጥተዋል ወይ? ከእንቁላል አራት እጅ ሦስቱ ውኃ ነው። በበጋ ወራት አንድ ቀን ውኃ ያጣች ዶሮ እንቁላሏን ታቆማለች። በሰባራ ሸክላም ቢሆን ንጹሕ ውኃ ከጥላ ሥር ይቀመጥላት። የእንቁላሉ ቅርፊት ይሳሳል ወይ? እንግዲያው ኖራነት ያለው ነገር አጥታለች። ያገለገለውን ቅርፊት በምጣድ አሙቁና አድቅቃችሁ ስጧት። ሳይደቅ አትስጧት፤ የራሷን እንቁላል መብላት ትለምዳለችና። ዕድሜዋስ ስንት ነው? ሦስት ዓመት ካለፋት እንቁላሏ እያነሰ ይሄዳል። እንዲህ ያለችውን ለበዓል ማረድ ወይም መሸጥ ተገቢ ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግራችኋለሁ። ዶሮዎች ባንድ ጊዜ ካቆሙ፣ ካሳሉ፣ አረንጓዴ ካስቀመጣቸው፣ አንገታቸው ከተጠማዘዘ ነገሩ የእንቁላል ጉዳይ አይደለም፤ ፈንግል ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለችውን ዶሮ ገበያ አውጥታችሁ አትሽጡ። በሽታው ከእሷ ጋር ወደ ሌላው ሰው ቤት ይገባል። የሞተችውን በጥልቁ ቅበሩ፤ ለእንስሳት ጤና ሠራተኛም ፈጥናችሁ ንገሩ። ፈንግል ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም። አስቀድሞ የሚሰጥ ክትባት ግን አለው፤ ክትባቱም በአገራችን ቢሾፍቱ ላይ ይሠራል።

አሁን መጨረሻው ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። እናታችን አንድም ዶሮ አልሸጡም። የተገኘውን እንቁላል ሸጠው ላምባ ገዙ፤ ኩራዙ እንደገና በራ። ቀይዋ ሰባት ጫጩት ፈለፈለች። ገብስማዋ ከአንድ ወር በኋላ ጣለች። ነጯ ዘገየች፤ እናታችን ግን ታገሡላት።

ከዚህ ሁሉ እኔን ደስ ያሰኘኝ ሌላ ነው። እናታችን ከደብተራቸው አንድ ገጽ ወስደው አራት መስመር አሰመሩ። በየመስመሩ ራስ ላይ ጥ፣ ቀ፣ ነ፣ ገ ብለው በእጃቸው ጻፉ። እሳቸው የየዶሮዋን እንቁላል በመልኩና በመጠኑ ይለያሉ። አንድ እንቁላል ሲገኝ በዶሮዋ መስመር ላይ አንድ ጭረት ያደርጋሉ። አንድ ቀን ማታ ገጹን አዩና፣ «ጥቁሯ አምስት ቀኗ፤ ነገ ልጅቷ ትከተላት» አሉ። እኔ ገና አላወቅሁም ነበር። ጽሑፉ ቀድሞ ነገራቸው።

ስለዚህ ዶሮ ስትነሳችሁ ቢላዋ ከማንሣታችሁ በፊት እርሳስ አንሡ። እያንዳንዷን ለየብቻ እዩ፤ ያያችሁትን ጻፉ። እኛም ፊደል ስንጀምር እጃችን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ዛሬ ግን እናነባለን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ!