ክረምት የሌለበት ንድፍ፦ አዲስ አበባና መርካቶ በወረራው ዘመን



በጦርነት ዘመን ከተሣሉት ሥዕሎች ይበልጥ ሊመረመር የሚገባው ጦርነቱ የማይታይበት ነው ብዬ አምናለሁ። የአድዋን ሥዕል ያየ ሕፃን እንኳ ማን ከማን ጋር እንደተዋጋ ይነግራችኋል፤ ወገን ፊት ለፊት፣ ጠላት በጎን ተሥሏልና። ጸጥ ያለ መልክዓ ምድር ግን ያዘናጋል።

ስመ ጥሩው አርክቴክት ለ ኮርቡዚየ አገራችን በተወረረችበት በ1936 እ.ኤ.አ.፣ አዲስ አበባን አንድም ቀን ሳይረግጥ፣ ንድፏን በእጁ ነድፎ ለጣልያኖች አቀረበ። ሰፊ ጎዳና ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ነባሩ ሰፈር እንዳልነበረ ተቆጥሯል። ወረቀቱ ላይ ወቅት የለም። በፈረንጅ አገር ክረምት ወንዙ በረዶ ይዞት ዝም ይላል፤ የእኛ ክረምት ግን ወንዝ የሚጮኽበት ነው። ቀበና በሐምሌ ሲሞላ ያየ ሰው ያውቀዋል።

የዚያ ዓመት ክረምት ደግሞ ከወንዙም በላይ የሚጮኽ ነበረው። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. በደጃዝማች አበራ ካሣ የተመራ የአርበኞች ጦር ከተማዋን ለማስለቀቅ ገባ፤ አልተሳካም። በማግስቱ አቡነ ጴጥሮስ ተረሸኑ። ሐውልታቸው ከመርካቶ ብዙም አይርቅም።

ለ ኮርቡዚየ ሥራውን አላገኘም። ዕድሉ ለኢኛሲዮ ጉይዲና ለቼሳሬ ቫሌ ደረሰ። የእነርሱ ፕላን ነዋሪውን በዘር ለየ፤ በአራዳ፣ በጊዮርጊስ አጠገብ ይቆም የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፋ። ስሙም «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ የአገሬው ገበያ፣ ተባለ። ሕዝቡ ሁለተኛውን ቃል ጣለና መርካቶ ብሎ ተወው። (ይህን እኔ ከብዙ የምርምር ጽሑፎቻችን የሚልቅ ሂስ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።) ቀጥ ያሉት የአዲስ ከተማ መንገዶች ዛሬም የዚያ ዘመን ማስመሪያ አሻራ ናቸው። በመካከላቸው ግን ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ቦምብ ተራ በቅለዋል፤ አንዳቸውንም ነዳፊው አላሰባቸውም።

ተማሪዎቻችን በመመረቂያ ጽሑፎቻቸው እነዚህን ንድፎች ሲያትሙ ከሥራቸው የሚያሰፍሩት የአርክቴክቱን ስምና ዓመቱን ብቻ ነው። እንደ ንጹሕ የሙያ ሰነድ ይቀርባሉ፤ ይህ አይበቃም። በወረቀቱ ላይ ባዶ ሆኖ የሚታየው መሬት ሰው የሚኖርበት፣ በዚያው ክረምትም ሰው የሚሞትበት ነበር። ስለዚህ ንድፉን የምታሳዩ ሁሉ ከጎኑ የጥንቱን የአራዳ ገበያ ፎቶግራፍ አኑሩ፤ ምን እንደተፋቀ በዓይን ይታያል።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።