ከ«ገባችሁ?» በኋላ

አዲስ መምህር ስለ ጎርፍ አስተምሮ «ገባችሁ?» ሲል፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። ያ «አዎ» ግን ለመምህሩ ምንም አይነግረውም። ክረምት በመጣ ቁጥር የርብና የጉማራ ወንዞች የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁ ያየ የወረታ ልጅ፣ «ውሃው ሩዝ ማሳው ላይ ለምን ይተኛል?» ቢባል ግን የገባውና ያልገባው ወዲያው ይለያል። እንዲህ መጠየቅ የሚለመደው ተማሪ ፊት ቆሞ፣ ተሳስቶ፣ ታርሞ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የመምህራን ሥልጠና ሲሻሻል ለክፍል ልምምድ ሰፊ ቦታ የተሰጠውም ለዚሁ ነበር። «የትምህርቱ ዕውቀት ይቅደም» የሚሉ አሉ፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ መሆናቸው ሥጋታቸውን ያጠነክራል። ልክ ናቸው፤ ያላወቀ አያስተምርም። ያወቀ ሁሉ ግን ማስተማር አይችልም። ይበልጥ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፦ ሠልጣኙን የሚያርመው ነባር መምህር ራሱ በክፍለ ጊዜ ብዛት ተጨናንቋል። ስለዚህ ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ሠልጣኝ ሲልኩ፣ ከትምህርት ቤቱ ጋር ተስማምተው የነባሩን መምህር ክፍለ ጊዜ ያስቀንሱ፤ ሠልጣኙና ነባሩ መምህርም ከክፍል ሲወጡ ተቀምጠው «ያ ጥያቄ ልጆቹን ለምን ዝም አሰኛቸው?» ብለው ይነጋገሩ።