የወንድ አጥንትም ይሳሳል
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ጤና አንድ ነገር በል ስለተባልኩ፣ በጤና ረዳትነት ዘመኔ ከታዘብኩት ይልቅ በገዛ ቤቴ የደረሰውን ላውጋችሁ።

ታላቅ ወንድሜ በ62 ዓመቱ ደጃፉ ላይ አዳልጦት ወደቀና የእጁ አንጓ ተሰበረ። ወጌሻ አሸው፣ አሰረው፣ ዳነ። «እንኳን ተረፍክ» ብለን ቡና ጠጥተን ተለያየን። እኔ የጤና ሰው ሆኜ ሳለሁ፣ «ከቆመበት የወደቀ ሰው ስለምን ይሰበራል?» ብዬ አልጠየቅሁም። ከአራት ዓመት በኋላ ሌሊት ከአልጋው ሲነሣ እንደገና ወደቀ፤ አሁን የተሰበረው ዳሌው ነበር። አልጋ ላይ ዋለ፣ ሳንባው ታመመ፣ በስድስተኛው ወር ድንኳን የተከላችሁለት እናንተው ናችሁ።

በሽታው የአጥንት መሳሳት ወይም ኦስቲዮፖሮሲስ ይባላል። አጥንት አሮጌው እየፈረሰ በአዲስ ይተካል። የሚፈርሰው ከሚተካው ሲበልጥ ውስጡ እንደ ነቀዘ እንጨት ይቦረቦራል። እስኪሰበር ድረስ ግን ሕመም የለውም።

«የአሮጊቶች በሽታ ነው» እንላለን። እርግጥ ነው፣ በሴቶች ይበዛል። ሆኖም በዓለም ደረጃ ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ 5 ወንዶች አንዱ በቀሪ ዘመኑ በዚሁ ሰበብ ስብራት እንደሚደርስበት ይገመታል። ዳሌ ከተሰበረ በኋላ ደግሞ በዓመት ውስጥ ለሞት የሚዳረገው ከሴቷ ይልቅ ወንዱ ነው።

በወንድ ላይ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ከጀርባው ሌላ መንሥኤ አለ። ስለሆነም ሐኪሙ ይጠይቃል፦ ለአስም ወይም ለቁርጥማት ፕሬድኒሶሎን ለወራት ወስደዋል ወይ? አረቄና ሲጋራ ያዘወትራሉ ወይ? የሚጥል በሽታ መድኃኒት ወይም የፕሮስቴት ካንሰር የሆርሞን ሕክምና አለ ወይ? ቁመትዎ አጥሯል፣ ጀርባዎ ጎብጧል ወይ? (ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው ይህን ሰምቶ በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ፤ አደገኛ ነው።) ቀጥሎ በደም ምርመራ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ፣ ኩላሊትና የወንድ ሆርሞን ይታያሉ።

ተራ ራጅ አጥንቱ እጅግ ካልሳሳ አያሳይም። የሚለካው ዴክሳ በተባለ መሣሪያ ነው፤ ውጤቱ -2.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በሽታው አለ ማለት ነው። መሣሪያው በየቦታው አይገኝም። ቢሆንም ከቆመበት ወድቆ ዳሌው ለተሰበረ ሽማግሌ ሐኪም ያለ መሣሪያውም ሕክምና ሊጀምርለት ይችላል።

መድኃኒት አለው። አሌንድሮኔት 70 ሚሊግራም በሳምንት አንድ ቀን ይዋጣል። ጠዋት፣ ከቡናም ከቁርስም በፊት፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት መተኛትም መብላትም የለም፤ አለዚያ የምግብ ቧንቧን ያቆስላል። በዓመት አንድ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ዞሌድሮኒክ አሲድ የሚባልም አለ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር። ወተት፣ እርጎና ጎመን አይለይ፤ ፀሐይ መሞቅና በእግር መሄድ ይጠቅማል። ሌሊት መብራት ይኑር፤ ከዘራ መያዝም አያሳፍርም።

ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። እጁ ወይም ወገቡ የተሰበረ አባል ልንጠይቅ ስንሄድ፣ «እግዜር ይማርዎ» ካልን በኋላ «ከምን ላይ ነው የወደቁት?» እንበል። «ከቆምኩበት» ካለን ወጌሻ ቢያስረውም እንኳ ወደ ሐኪም እንውሰደው። ወጌሻ ስብራቱን ይገጥም ይሆናል እንጂ የአጥንቱን ውስጥ አያይም። እኔ ለወንድሜ ያልጠየቅሁትን እናንተ ለወንድማችሁ ጠይቁለት።